ክረምት ሲገባ የሚዘጋ ምክር ቤት

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ። አ.አ.

ዛሬም አጀንዳዬ አልተያዘልኝም። የአጀንዳ ኮ/ቴው ሰብሳቢ ኮሪደር ላይ አገኘኝ፣ ፈገግ አለ፣ አለፈ። ፈገግታው መልሱ ነው። ትናንት ጸሐፊዋ ይታያል ብላኛለች። እዚህ ቤት «ይታያል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ፣ ደብተሬ። ስንቴ ጽፌብሻለሁ።

የምለምነው ግማሽ ሰዓት ነው። ለተመረጥኩበት ለአዳማ፣ ለታች ሰፈር ጎርፍ። ከጋራው የሚወርደውን ውሃ ከሰፈሩ የሚያርቀው ቦይ ተጀምሮ መሃል ላይ ቆሟል። ቢሮ ለቢሮ ስዞር ከረምኩ። ሁሉም ወደ ጎረቤቱ ይጠቁመኛል። ነገሩ ም/ቤት ውስጥ ከተነሳ ግን የሚመለከተው ሚኒስትር ቆሞ መልስ መስጠት አለበት፣ አገር በቴሌቪዥን እያየው። የቀረኝ መንገድ ይሄ ብቻ ነው።

ከሰዓት አንድ አዋጅ አጸደቅን። እጅ ማውጣት እንደ ማዛጋት ነው፤ አጠገብሽ ያለው ካወጣ አንቺም ታወጫለሽ። የወንበር ጎረቤቴ ወ/ሮ ዘሃራ፣ የመቂ ተመራጭ፣ ስልኳን እያየች ነው የምታወጣው። ታዝቤያት ሳቄ መጣ።

ግንቦት 23፣ ቅዳሜ። አዳማ

ቤቱን ስከፍት አቧራ ተቀበለኝ። ባለቤቴ ካረፈ፣ ልጄ ሊዲያም ሥራ ይዛ ከሄደች ወዲህ ይሄ ቤት የቅዳሜና እሑድ ማደሪያ ሆኗል። ሽሮ ሠራሁ። ለአንድ ሰው ሽሮ ማማሰል ያስጠላል። ሁልጊዜ ይበዛብኛል።

ከሰዓት ታች ሰፈር ወረድኩ፣ ኦቦ ገመቹ ዘንድ። ድሮ ጋሪ ነጂ ነበሩ። ሊዲያን ትምህርት ቤት ያመላለሷት እሳቸው ናቸው። ቤታቸው የጎርፉ መውረጃ አፋፍ ላይ ነው፣ እንደኔው ብቻቸውን። አምና ውሃው የጓሮ ግድግዳቸውን አፍርሶ ገባና ፈረሳቸውን በታሰረበት ገደለው። ጋጣው ባዶ ነው። ገመዱ ግን እስካሁን ምሰሶው ላይ እንደታሰረ አለ። አልፈቱትም።

መቂ ያለው ልጃቸው ክረምቱን እኔ ጋ ይክረሙ እያለ ይጨቀጭቃቸዋል። እምቢ ብለዋል። ለምን እንደሆነ ዛሬ ነገሩኝ። «አንቺ ካነሳሽው ይሠሩታል፣ ቲቸር። ታዲያ ለምን እወጣለሁ?» ስንት ዘመን ጂኦግራፊ ስላስተማርኩ ሰፈሩ እስካሁን ቲቸር ነው የሚለኝ።

ደነገጥኩ። ልጃቸውን እምቢ ያሉት የኔን ቃል ይዘው ነው። ኧረ ይሂዱ፣ እኔን አይጠብቁ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሰው ሲያምንሽ ደስ ይላል፣ ደብተሬ። እኔን ደግሞ ካመነኝ ሰው ቆይቷል።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ። አ.አ.

ሳልጠራ ሰብሳቢው ቢሮ ገባሁ። ክፉ ሰው አይደለም። ወንበር ሳበልኝ፣ ውሃ ቀዳልኝ። ሰኔ የበጀት ወር እንደሆነ አስረዳኝ፣ የማላውቅ ይመስል። ከዚያ እረፍት ነው። ጥቅምት ላይ ብታመጪው ይሻላል አለኝ።

እዚህ ላይ ተናደድኩ። ጎርፉ የሚመጣው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ያኔ እኛ ዝግ ነን። ጥቅምት ሲገባ ሰፈሩ አቧራ ነው። ባለፈው ጥቅምት ይዤው ብመጣ አስቸኳይነቱ አልታየንም ብላችሁ የመለሳችሁኝ እናንተ አይደላችሁም ወይ አልኩት። ሰኔ ላይ በጀት፣ ሐምሌ ላይ እረፍት፣ ጥቅምት ላይ ደረቅ። ታዲያ ውሃው በየትኛው ወር ይምጣ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና ካላንደሩን አየ። በመጨረሻው ጉባኤ፣ «ልዩ ልዩ» ውስጥ፣ አሥር ደቂቃ እፈልግልሻለሁ አለ። ቃል አልገባም። እኔ ግን እንደ ቃል ወሰድኩት።

ሰኔ 8፣ እሑድ። አዳማ

የመጀመሪያው ዝናብ። ደህና ዝናብ አይደለም፣ የአቧራውን ሽታ አስነሳልን እንጂ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሰዎቹ ሁሉ ሽቅብ ወደ ጋራው ያያሉ።

ሊዲያ ደወለች። የእረፍት ጊዜ ሥልጠናችን ላንጋኖ ነው፣ እሷ በምትሠራበት ሆቴል። ሳምንቱን የሆቴል ክፍል ትተሽ እኔ ጋ እደሪ አለችኝ። አልጋውን ለኔ፣ ፍራሹን ለራሷ። ከገና ወዲህ አንድ ጣሪያ ሥር አላደርንም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ቆሜ ቀረሁ። ደስ ብሎኛል።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ። አ.አ.

ተያዘልኝ። ሐሙስ ሰኔ 26፣ ልዩ ልዩ፣ የመጨረሻው ነጥብ። አሥር ደቂቃ።

ኦቦ ገመቹ ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ ሰላምታው፣ አካም ቡልቴ፣ ከዚያ የልጅ ጤና፣ ከዚያ የዝናብ ነገር፤ ዜናዬ መጨረሻ ላይ ደረሰ። ሰሙና ገለቶሚ፣ ገለቶሚ እያሉ አመሰገኑኝ። ሰፈሩን ሰብስበው ሻይ ቤት በቴሌቪዥን ያዩኛል። ልጃቸውም በቁርጥ እምቢ ተብሏል።

ንግግሬን ለፍሪጁ አነበብኩለት። ፍሪጁ ተቃውሞ የለውም። ሌላ የማነብለት ሰው ስፈልግ ስልኬን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ዘሃራ ጋ ልደውል ብዬ ተውኩ። ጎን ለጎን ተቀምጠን ከረምን፣ ቤቷ ግን የት እንደሆነ አላውቅም።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ። አ.አ.

እንደሆነው ልጻፈው።

የበጀቱ ክርክር ረዘመ። ምሳ ሰዓት አለፈ። ሰው ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል። እኔ ወረቀቴን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ለመጨረሻ ጊዜ አነባለሁ፤ የፈረሱ ነገር ጋ ደርሻለሁ። ልበለው ወይስ ልተወው እያልኩ። አፈ ጉባኤው የሆነ ነገር አነበበ፣ ፈጠን ፈጠን አድርጎ። ጆሮዬ የያዘው የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው፤ የምትደግፉ።

እጄ ወጣ።

የምትቃወሙ? የለም። ድምፀ ተዓቅቦ? የለም። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ጭብጨባ፣ የወንበር ድምፅ። ዘሃራ ዞር ብላ አየችኝ፣ ዓይኗ ፈጦ። ያንቺም እኮ አብሮ ተላለፈ፣ አለችኝ፤ የቀሩት ነጥቦች ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፈው ጉባኤው ይዘጋ ነው ያለው።

እጄ ገና አልወረደም ነበር።

ሮጬ ሰብሳቢው ጋ ደረስኩ። ምን ላድርግልሽ አለኝ፣ ከልቡ አዝኖ። በሙሉ ድምፅ እኮ ነው። አንቺም አለሽበት።

አንድ ተቃውሞ በቂ ነበር ማለቴ አይደለም። እሸነፍ ነበር፣ አውቃለሁ። ግን ቆሜ እሸነፍ ነበር። እነሱም ሻይ ቤት ሆነው ቆሜ ያዩኝ ነበር።

ሰኔ 27፣ አርብ

አልደወልኩም። እሳቸውም አልደወሉም። ሽሮ ገንፍሎ ምድጃው ላይ ፈሰሰ፣ አልጠረግኩትም።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ። አዳማ

ሻይ ቤቱን አልፌ ለመሄድ ሌላውን መንገድ ዞርኩ። እንዲህ ዓይነት ሰው ሆኛለሁ።

ኦቦ ገመቹ በር ላይ ተቀምጠዋል፣ ጋቢያቸውን ደርበው። አጠገባቸው አንድ ማዳበሪያ፣ አንድ ጀሪካን። ልጃቸው ከመቂ መኪና ይዞ እየመጣ ነው። ትናንት ራሳቸው ደውለው ና አሉት። እጅሽን አየነው አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ላስረዳቸው ጀመርኩ፤ አልሰማሁም ነበር፣ ሳላስበው ነው፣ እጄ ራሱ ነው። አንገታቸውን ነቀነቁ። «አውቃለሁ። ፈረስም መንገድ ከለመደ እኮ ባለቤቱ ሳያዘው ይታጠፋል» አሉ። ፈረሳቸው ሰው ጭነው ወደ ጣቢያ ሊሄዱ ሲሉ ልማዱ ሆኖ ወደ ገበያ ይታጠፍባቸው ነበር። ተሳፋሪው ይሳደባል። እሳቸው ወርደው፣ አፉን ይዘው፣ በእግራቸው ይመልሱታል። መምታት ዋጋ የለውም አሉኝ።

አለቀስኩ። ከባለቤቴ ቀብር ወዲህ ሰው ፊት አላለቀስኩም ነበር።

መኪናው ሲመጣ የቤታቸውን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጡ። እየመጣሽ እይልኝ፣ በተለይ ሲዘንብ። ብርድ ልብሱ እዚያው አለ አሉኝ። መኪናው እስኪታጠፍ ቆምኩ። ከዚያ ሰፈሩ ውስጥ እንደ እንግዳ ቆሜ ቀረሁ።

ሰኔ 30፣ ሰኞ። ታች ሰፈር

አድራሻዬን እይ፣ ደብተሬ።

ጠዋት ለሥልጠናው እንደማልመጣ አሳወቅኩ። ከዚያ ሊዲያ ጋ ደወልኩ። ያ ከሁሉ ከበደኝ። ኦቦ ገመቹ ቤት ልገባ ነው አልኳት። ብቻሽን? አለች። ብቻዬን አልኩ። አልጋውን አንጥፌ ነበር አለች፣ ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ፍራሼን፣ ፋኖሴንና አንቺን በባጃጅ ጭኜ ወረድኩ። የባጃጁ ልጅ ሰው ከዚህ ሲወጣ አንቺ ትገቢያለሽ ወይ ብሎ ታዘበኝ። የጋጣውን ገመድ ልፈታው ነበር፣ ተውኩት። የሳቸው ነው።

የወሰንኩት ይሄ ነው። ክረምቱን እዚህ እከርማለሁ። ም/ቤቱ እረፍት ላይ ቢሆንም ከግማሽ በላይ አባላት ከጠየቁ አስቸኳይ ስብሰባ ይጠራል፤ ሕጉ ይላል። ማንም ሞክሮት አላየሁም። አንድ በአንድ እደውልላቸዋለሁ፣ ከዚህ ቤት፣ ውሃውም ከመጣ እግሬ ውሃ ውስጥ ሆኖ። ግማሽ አላገኝ ይሆናል። ምናልባት አንድም።

ዝናቡ አሁን ጀመረ። ዛሬ ደህና ዝናብ ነው፤ ቆርቆሮው የራሴን ድምፅ አያሰማኝም። ዘሃራ ጋ ደወልኩ፣ የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ነገሩን ነገርኳት። አይሰማም፣ ምንድነው የሚንጫጫው፣ የት ነሽ ትለኛለች። ሦስቴ መለስኩላት፣ አልሰማችም።

ስልኩን ወደ ጣሪያው አንስቼ ያዝኩላት። ክንዴ እስኪዝል አላወረድኩም። መልሼ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው አልዘጋችውም።