መንጋጋዬ የተመረመረበት ዕለት

ለተከበርሽው ባለቤቴ ለጥሩነሽ፤

ከተለየሽኝ እነሆ ሰባት ወር ሆነ። የኮልፌው ቤታችን እንደ ቆመ ነው፤ ከጓሮ የነበረውን ባሕር ዛፍ ግን ጣሊያን ለማገዶ ቆረጠው። ልጃችን አስካለ ደኅና ናት። ይህን የምጽፍልሽ ልብሽን ላሳርፍ ብዬ ነው።

ባለፈው ወር መንጋጋዬ ጠነከረብኝ፤ እንጀራ ማላመጥ አቃተኝ። አንቺን የወሰደሽ መንጋጋ ቆልፍም እንዲሁ ነበርና የጀመረው፣ ተራዬ የደረሰ መሰለኝ። ሞቱን አልፈራሁም፤ አስካለን በዚህ ክፉ ዘመን ብቻዋን መተው ግን አስጨነቀኝ። ወደ ጣሊያኑ ሐኪም እንሂድ ብላ ብታለቅስም፣ ጠላት እጁን ፊቴ ላይ አያሳርፍም ብዬ ሁለት ቀን እምቢ አልኋት። በመጨረሻ አስቀድሜ ልቍረብ አልሁና ተስማማሁ።

ስሕተቴ ከዚህ ላይ ነበር። ከቅዳሴ በቀጥታ ሄድን። ሐኪሙ አፌን በእንጨት ሊከፍት ሲሞክር፣ የቆረበ ሰው ከአፉ ምንም እንዳይወጣ ይጠነቀቃል ተብዬ ያደግሁ ነኝና ጥርሴን ነክሼ ጸናሁ። መናገርም አልወደድሁም። ሐኪሙ መንጋጋው ተቆልፏል ብሎ አዘነ። አስካለም ከድንጋጤዋ መቍረቤን ረስታ አባዬም ሊሄድብኝ ነው ብላ ጮኸች። ከሐኪሙ ጋር የነበረው ሐበሻ አስተርጓሚ ብቻ አፌን የሸፈንሁበትን ኩታ አይቶ፣ አባት ዛሬ ቆርበዋል እንዴ ቢለኝ በዐይኔ አዎን አልሁት። ሳቁን መቈጣጠር አቅቶት ነገ ይምጡ አለን።

በማግሥቱ ሐኪሙ ጣቶቹን በጉንጬና ከጆሮዬ በላይ አኑሮ ንከስ አለኝ፤ ነከስሁ። አስተርጓሚው የሐኪሙን ጣት ግን እንዳይነክሱት ብሎ ቀለደብኝ። ቀጥሎ ሐኪሙ መዳፉን ከአገጬ ሥር ደግፎ ክፈት አለኝ፤ እጁን ገፍቼ ከፈትሁት። የመንጋጋ ነርቭ ቢጐዳ አገጭ ወደ ደከመው ወገን ያዘነብላል፣ የርስዎ ግን ቀጥ ብሎ ወረደ፣ ጡንቻዎም በሁለቱም ጉንጭ እኩል ነው ሲል በአስተርጓሚው በኩል ነገረኝ። አስካለ ስለ አንቺ ነግራው ነበርና፣ የሚስትዎም በሽታ አይደለም፤ ሕመሙ ቀንና ሌሊት ጥርስዎን ነክሰው በመዋልዎ የመጣ ነው አለ።

ምክንያቱን እኔ ዐውቀዋለሁ። በቀብርሽ ዕለት በሰው ፊት ላለማልቀስ ነክሼ፣ ከዚያ ወዲህ አላላሁትም ነበር። ከሕክምናው ቤት ወጥቼ መንገድ ዳር ተቀመጥሁና እንደ ሕፃን አለቀስሁ። አስካለም አልከለከለችኝ።

ከእንግዲህ አንቺን የማስበው ዝም ብዬ አይደለም፤ ታሪክሽን ለልጅሽ እነግራታለሁ። ትናንት በሠርጋችን ዕለት በቅሎዋ ጥላሽ እንደ ነበር፣ አንቺም ከነቀሚስሽ ጭቃ ውስጥ ተቀምጠሽ እንዴት እንደ ሳቅሽ ነገርኋት። እናቷ እንዲያ ትስቅ እንደ ነበር አታውቅም ኖሯል።

ባልሽ።