የጠፉት ሰማንያ ሦስት ስሞች

ሰኞ
ባዶ ነው። ሦስት ጊዜ ከፈትኩት። ሰማንያ ሦስት ስም የነበረበት ፋይል፣ አሁን ያለበት ዛሬ የጨመርኩት የመንደሩ ስም ብቻ ነው። በፓይተን፣ በኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ፣ ስጽፍ «a» ማለት ሲገባኝ «w» አልኩ። «a» ከነበረው ሥር ይቀጥላል፤ «w» የነበረውን ጠርጎ እንደ አዲስ ይጽፋል። ይህንን የማስተምር ሰው ነኝ!

ስሞቹ ከዳባት ወጣ ብላ ባለች መንደር የተቀበሩ የቤተ እስራኤል ሰዎች ናቸው። ዘመዶቻቸው ሁሉ እስራኤል ገብተዋል። ድንጋዮቹ ላይ ጽሑፍ የለም። ማን የት እንዳረፈ የሚያውቁት ጎረቤታቸው የነበሩት አባባ ዓለሙ ብቻ ናቸው። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ እየነገሩኝ በቀጥታ ላፕቶፔ ላይ ጻፍኩ። ቅጂ የለኝም።

ማክሰኞ
የጠፋ ፋይል ይመልሳል የተባለ ፕሮግራም ሞከርኩ። ምንም።

ክፍል ገብቼ ፋይል ማንበብና መጻፍ አስተማርኩ። ለተማሪዎቹ ሁሉ ሠራላቸው።

ደባርቅ ከመጣሁ ስድስት ወር ሊሞላኝ ነው። ይህን የምነግረው ሰው ፈለግኩ፤ አጣሁ። ትርንጎ ደወለች፤ አላነሳሁም። ስሞቹን ሰብስቢልኝ ያለችኝ እሷ ናት። የእናቷን መቃብር ልታይ ከእስራኤል ትመጣለች። የምንተዋወቀው በስልክ ብቻ ነው።

ረቡዕ
ነገርኳት። ወዲያው፣
«የእናቴስ?»
«እሱም ጠፍቷል።»
«አባባ ዓለሙ ደህና ናቸው?»
«ደህና ናቸው።»
«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»
ለነገ ፈቃድ ጠየቅኩ።

ሐሙስ
እስከ ዳባት በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር። አባባ ዓለሙ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ።
«አባባ፣ የነገሩኝን ስም ሁሉ አጠፋሁት።»
«ሌባ ወሰደው?»
«የለም። በገዛ እጄ።»
«እኔማ ጨርሳለች፣ ከእንግዲህ አትመጣም ብዬ ነበር» አሉ። ዘንጋቸውን አንስተው ወደ መቃብሩ ቀደሙኝ።

ዛሬ መጀመሪያ ደብተር ላይ ጻፍኩ። የትርንጎ እናት መቃብር ጋ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አምስቱንም ልጆቼን ያዋለደችልኝ እሷ ናት።» አንድ ድንጋይ ፊት ግን ቆመው ቀሩ። «ይቺ… ይቺ… ምላሴ ላይ ናት እኮ።» አልመጣላቸውም። እንዲህ አሥራ ሁለት መቃብር አለፍን። ባለፈው ሁሉንም ያውቁ ነበር። ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ዓርብ
ሰባ አንዱን ጻፍኩ። መጀመሪያ ፕሮግራሙ የአማርኛ ፊደል አልጽፍም ብሎ ቆመ፤ የእኛን ፊደል እንዲቀበል የሚያዘውን «utf-8» ማለት ረስቼ ነው። አስተካከልኩት። ዘግቼ፣ እንደገና ከፍቼ አነበብኩ። ሁሉም አሉ። አንድ ቅጂ በፍላሽ፣ አንድ ለትርንጎ። «እናቴን አየኋት» ብላ መለሰችልኝ፤ መልእክቷ ሌላ ቃል የለውም።

ቅዳሜ
ቀትር ላይ ስልኬ ጠራ። አባባ ዓለሙ። ሰላምታ እንኳ የለም።
«መምህርት! ከወይራው ሥር ያለችው ብርነሽ ናት! ጻፊያት!»
«ጻፍኳት፣ አባባ።»
«ሌላ ከመጣልኝ እደውላለሁ። ባይመጣልኝም አንቺ ነይ።»
ሳል ያዛቸው፤ መስመሩ ተቋረጠ። አሥራ አንድ ቀርተዋል። ሳላቸው አሳስቦኛል። ነገ ማር ይዤ እሄዳለሁ።