ሳላነብ የፈረምኩት ወረቀት

መጋቢት 9 ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት
ከስታዲየሙ ልብስ ማጠቢያ ክፍል

በሩጫም በኩርፊያም ማንም ለማይደርስባት ልጄ፣

እንዴት ነሽ የኔ ሆድ? ስልክ ስለማታነሺልኝ ነው የምጽፈው። እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤ ብቻ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። ዛሬ ግን ደስ ብሎኛል! ወሬውን ያመጣልኝ ያ "ሬዲዮ" የምንለው ዘበኛ ነው፤ እየጮኸ ገባ።

"እትዬ! ለልጅሽ ተፈረደላት! እገዳው ተነሳ! በደም ምርመራ 'ሴት አይደለሽም' ብሎ ከሩጫ ማስወጣት መብት መንካት ነው አሉ ዳኞቹ!"

"ቀስ በል፣ ያጠብኩትን ማሊያ ረገጥከው!" አልኩት። ከዚያ እዚያው ማሊያው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሁለት ዓመት ሙሉ "ወንዱ ልጅሽ እንዴት ነው?" ሲሉኝ የከረሙት ጎረቤቶች ዛሬ "እኛማ ድሮም እናውቅ ነበር" ይላሉ። "ምኑን?" ስላቸው ወሬ ይቀይራሉ። ልስቅባቸው አሰብኩና አቅም አጣሁ። ለካ ደስታም ጉልበት ይፈልጋል።

አሰልጣኝሽም መጥቶ ነበር። "ትመለስ እንደሆን ጠይቂልኝ" አለኝ፣ ዓይኑን ከማጠቢያ ማሽኑ ላይ ሳይነቅል።

"መቼ እኔን አናገረችኝና!" አልኩት።

ለምን እንደማታናግሪኝ አውቃለሁ። ሥራዬን ታውቂያለሽ፤ የትኛውንም ልብስ ገልብጬ አንገቱ ላይ የተሰፋችውን የአስተጣጠብ ጽሑፍ ሳላነብ ውሃ አላስነካውም። በአሥራ ስድስት ዓመት አንድ ማሊያ አላበላሸሁም። አንቺ አሥራ ሰባት ዓመትሽ ሳለ የክለቡ ሐኪም ያንን ያሳገደሽን የደም ምርመራ የፈቃድ ወረቀት ይዞ ሲመጣ ግን እጄ አረፋ በአረፋ ነበር። "ተራ የጤና ምርመራ ነው፤ የወላጅ ፊርማ ብቻ ነው የጎደለው" አለኝ። እጄን በሽርጤ ጠረግኩና ፈረምኩ።

እስከ ዛሬ "አታለሉኝ" ነበር የምልሽ። አታለውኛል። ግን ማንበብ እችል ነበር፣ ልጄ።

"ጣይው" ያልሽኝን ማሊያሽን አልጣልኩትም። ማንም ሳይለብሰው በየወሩ በእጄ አጥበዋለሁ። ሩጪ ብዬ አይደለም፤ ፍርዱ የመለሰልሽ የራስሽን ነው፣ ሲያሻሽ ሩጪ፣ ሲያሻሽ ተቀመጪ። ብቻ አንድ ቀን ስልኩን አንሺው፤ ስድብም ቢሆን ድምፅሽ ነው።

እግርሽን እንቅፋት አያግኘው፤ ክፉ አፍ አይድረስብሽ።

ይህን ወረቀት ሁለቴ አንብባ የፈረመች፣
እናትሽ