ምስጢርህን ያወጣሁበት መንገድ

ማርቆስዬ፣

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ አንድ መስመር ጽፌልህ አላውቅም። በሕይወት ሳለህም አልጻፍኩልህም፤ ምን ሊያስጽፈኝ፣ ሁሌም አጠገቤ ነበርክ። ረጅሙን ወሬያችንን የምናወራው መኪና ውስጥ ነበር፣ አንተ መሪውን ይዘህ፣ እኔ ደግሞ ስንቃችንን እግሬ ሥር አድርጌ። ዛሬ የምጽፍልህ የማምነው ጥፋት ስላለኝ ነው። መጀመሪያ ግን የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ስፈራ ነገር እንደማስረዝም ታውቃለህ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ ቤታችን ደህና ነው። የጓሮው አጥር ባለፈው ዊንተር በረዶ ከብዶት ዘሞ ነበር፣ ጎረቤታችን ሳልጠይቀው መጥቶ አቃናው። ሸሚዞችህን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ። ሃያ ሁለት ዓመት አውቶብስ ስትነዳ የለበስከውን ጃኬት ግን አልሰጠሁም፤ ቁምሳጥኑ ውስጥ እንደተሰቀለ ነው። እሑድ እሑድ እኛ እንቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ አዲስ የመጡ ባልና ሚስት ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር፣ አሁን ሕፃናቸውን የምይዝላቸው እኔ ነኝ። ዩ ስትሪት ላይ የጋብቻችንን ቀን የምናከብርበት ምግብ ቤት ተዘግቷል፤ ኪራዩን አልቻልነውም አሉ።

እኔም መንዳት ጀምሬያለሁ። መንጃ ፈቃዴ ለመታወቂያ ብቻ ነው እያልክ ትስቅብኝ ነበር። አሁን የምሠራበት ዴይኬር ድረስ ራሴ ነድቼ እሄዳለሁ፣ ከተማውን የሚዞረው ፈጣን መንገድ፣ ቤልትዌይም እገባለሁ። በቀኙ መስመር ብቻ ነው የምሄደው፤ ሰው ሁሉ ያልፈኛል፣ እኔም አሳልፋቸዋለሁ።

ስለ ልጃችን ስለ ሊድያ ሳልነግርህ ቆየሁ። ትምህርቷን ጨርሳ አሌክሳንድሪያ ፋርማሲ ውስጥ ሥራ ይዛለች፣ ቤትም እዚያው ተከራይታለች። ትራፊክ ከሌለ ከእኔ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ግን ቤቴ የመጣችው አራት ጊዜ ብቻ ነው። ያኔም ኮቷን ሳታወልቅ ትቆምና አንድ ነገር ወስዳ ትሄዳለች። እሑድ ከሰዓት ኮል ታደርግልኛለች፦ “ሃይ ማሚ፣ ደህና ነሽ? እኔም ደህና ነኝ። ኦኬ፣ ባይ።” ምክንያቱን አንተ ታውቀዋለህ።

ሐኪሙ እቅጩን የነገረን ቀን ፓርኪንጉ ውስጥ ሞተር ሳናስነሳ ተቀመጥን። ቁልፉን በእጅህ ይዘህ ስታገላብጠው ቆየህና፣ “ለሊድያ አትንገሪያት” አልከኝ። “ልትጨርስ ሁለት ወር ነው የቀራት። ካወቀች ሁሉን ትታ ከቦስተን ትመጣለች።”

“ቢመሽብንስ?” አልኩህ።

“አይመሽብንም” አልክ። ሞተሩን አስነሳህና ደግሞ መልሰህ አጠፋኸው። “እኔ እንዳልኩሽም አትንገሪያት። አባቴ ደበቀኝ ብላ እንድታስብ አልፈልግም። ቃል ግቢልኝ።”

ገባሁልህ። ከዚያ በኋላ እሷ በደወለች ቁጥር ጉሮሮህን ጠርገህ፣ ተስተካክለህ ተቀምጠህ ነው ስልኩን የምትቀበለኝ። ድምፅህ ተለወጠ ስትልህ “ጉንፋን ነው” አልካት። እኔ አጠገብህ ቆሜ እሰማለሁ።

መሸብን። በመጨረሻ ጠርቻት እሷ ስትደርስ አንተ ሰው መለየት አቁመህ ነበር። አንድ ቀን ተኩል እጅህን ይዛ ተቀመጠች፣ አንድም ጊዜ ግን ስሟን አልጠራህም። ከቀብር በኋላ ለቀስተኛው ቤቱን ሞልቶ ሳለ ወጥ ቤት ድረስ ተከትላኝ መጣችና “ሃው ሎንግ ዲድ ዩ ኖው?” አለችኝ፤ ካወቅሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ እንደማለት። “ሁለት ወር” አልኳት። ለምን እንደደበቅኋት አልጠየቀችኝም። ስላልጠየቀችኝም አልነገርኳትም። ቃሌን ጠበቅሁልህ፣ እሷ ግን ከእኔ ራቀች።

ባለፈው ኤፕሪል፣ እሑድ ባልሆነ ቀን ደወለችልኝ። “ማሚ፣ የአባዬን ሮድ ትሪፕ ላደርገው ነው፤ ኖርዌይ። ጁን ላይ።”

የትኛውን የመኪና ጉዞ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። በልጅነትህ እናትህ ታማ ሲዳማ ውስጥ የኖርዌይ ሚሲዮናውያን ክሊኒክ ስትተኛ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ታይ ነበር። በተራሮች መካከል የገባ ጥቁር ውሃ፣ ከዳሩ ትናንሽ ቀይ ቤቶች። ሐይቅ ነው ወይ ብለህ ነርሷን ብትጠይቃት፣ አይደለም ባሕር ነው፣ ተራራ ውስጥ የገባ ባሕር ነው አለችህ። ይኼን ስንት ጊዜ ነግረኸኛል። በየሰመሩ ሸናንዶዋ ተራራ ስትወስደን፣ ሜይን ድረስ ነድተህ የአሣ አጥማጆቹን መንደሮች ስታሳየን፣ “ይኼ መለማመጃ ነው” ትለን ነበር። ኖርዌይ ግን ጡረታ ስትወጣ ነበር የምንሄደው።

“ከማን ጋር ነው የምትሄጂው?” አልኳት።

“ብቻዬን።”

“እኔም እመጣለሁ” አልኩ። ሳላስበው ነው የወጣኝ። ሊድያም “ኦኬ” አለች።

በርገን ስንደርስ ይዘንብ ነበር። መኪና ተከራየንና ሊድያ ነዳች። አነዳዷ አንተን ነው፤ መሪውን ከታች በኩል በአንድ እጇ ይዛ፣ ቆሞ ማየት የሚቻልበት ቦታ በተገኘ ቁጥር ትቆማለች። አንተ እንዲህ ስትቆም እኔ ስንቱን አጉረመረምኩብህ፤ አሁን ግን ቀድሜ የምወርደው እኔ ሆንኩ። በባሕሩ ዳር ያሉት ቤቶች ከእንጨት የተሠሩ ናቸው፣ ከፊሎቹ ቀይ ከፊሎቹ ነጭ ናቸው፤ ሰዉ መኪናውን ደጁ እንደሚያቆም ሁሉ ጀልባውን ደጁ ያስራል። መንገዱ ውሃው ጋ ሲደርስ ያልቃል። ከዚያ ትልቅ ጀልባ ይመጣና አፉን ይከፍታል፤ ከነመኪናህ ነድተህ ትገባለህ፣ ማዶ ያወርድሃል። ረጃጅም ዋሻዎች አሉ። ከዋሻ በወጣን ቁጥር ሌላ ተራራ፣ ሌላ ፏፏቴ ይጠብቀናል። አንድ ቦታ ወርጄ ጣቴን ውሃው ውስጥ ነክሬ ቀመስኩት። ጨው ጨው ይላል። ነርሷ እውነቷን ነው።

ግን ማርቆስ፣ መኪናው ውስጥ ዝም ብለን ነበር የምንሄደው። ሁለት ቀን ሙሉ የተናገርነው “ራበሽ?” እና “በረደሽ?” ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ወደ ተራራ ወጣን። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሁለት መኪና ጎን ለጎን አያሳልፍም፣ በየርቀቱ ብቻ ገለል የሚሉበት ሰፋ ያለ ቦታ አለ። በግራችን ዓለት፣ በቀኛችን ዝቅ ያለ የድንጋይ አጥርና ገደል። ጉም ወረደብን። መታጠፊያው ላይ ቱሪስት የጫነ አውቶብስ ከፊታችን ድንገት ብቅ አለ። እሱ ወደ ኋላ ሊመለስ አይችልም፤ መመለስ ያለብን እኛ ነን። ሊድያ ማርሹን ወደ ኋላ አደረገች፣ ትንሽ ሄደችና የኋላው ጎማ ድንጋይ ነካ። ቆመች። እጆቿ ከመሪው ላይ ወደቁ። “ማሚ፣ አይ ካንት፣ አልችልም” አለች።

ምን እንደገፋኝ አላውቅም፣ ወረድኩና በእሷ በኩል ዞርኩ። “ወዲያ እለፊ” አልኳት። እኔ፣ ቤልትዌይ ላይ ከቀኝ መስመር የማልወጣው ሴትዮ፣ መሪው ፊት ተቀመጥኩ። የአውቶብሱ ሹፌር ያየን ይመስለኛል፣ ከመኪናው ወረደ። ፂሙ የሸበተ ሰውዬ ነው። አልተቆጣም፣ አልቸኮለም። ከኋላችን ሄዶ ቆመና በእጁ ምልክት ይሰጠኝ ጀመር፤ ወደዚህ፣ ቀስ፣ ቁሚ፣ ነይ። ገደሉን አላየሁም። በመስታወቱ የሰውዬውን እጆች ብቻ እያየሁ ወደ ኋላ ነዳሁ። አንተም ብትሆን እንዲሁ ወርደህ ትረዳን ነበር።

ሰፊው ቦታ ላይ ስንደርስ አውቶብሱ አለፈን፤ ሰውዬው እጁን አንሥቶ ሰላም አለን። ሞተሩን አጠፋሁ። ያኔ ሊድያ በአማርኛ ጠየቀችኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ እኛ በአማርኛ ስናናግራት እሷ፣ ነገሩ ከአጭር ወሬ ካለፈ፣ በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልን፤ ያን ቀን ግን ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች፣ “ለምን ቀድመሽ አልደወልሽልኝም?” አለችኝ።

አንተን እያሰብኩ ነበር። “ለትምህርትሽ ብዬ ነው” ብላት ውሸት አይሆንም፤ ቃሌም አይፈርስም። ግን ፊቷን አየሁና ጉሮሮዬ ላይ የነበረው ሁሉ ወጣ።

“አባትሽ ነው አትንገሪያት ያለኝ” አልኳት። “እሱ እንዳለኝም እንዳልነግርሽ ቃል አስገብቶኛል።” ይህን ብቻ ብዬ ብተወው ጥፋቱን ሁሉ ባንተ ላይ መጣል ይሆንብኝ ነበር። ስለዚህ የቀረውንም ነገርኳት። “ግን ስልኩ በእጄ ነበር፣ ሊዱ። መደወል እችል ነበር። ለአንቺ ከነገርኩሽ ሞቱ እውነት የሚሆን መስሎኝ ፈራሁ።”

በሩን ከፍታ ወጣች። ዝናቡ ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታኝ አጥሩ ጋ ቆመች። ልከተላት ፈልጌ ተውኩት። ስትመለስ ፀጉሯ በስብሷል። ወደፊት እያየች “ሂ ዲድንት ሌት ሚ ሴይ ጉድባይ” አለች። እንድሰናበተው ዕድል አልሰጠኝም ማለቷ ነው። ተቆጥታሃለች ማርቆስ። አፌን ከፍቼ ልከራከርልህ ነበር፤ አባትሽ ስለሚወድሽ ነው፣ ለአንቺ አስቦ ነው ልላት። ከዚያ ተውኩት። እውነቷን ነበር።

ከዚያ እስከ ታች መንደሩ ድረስ የነዳሁት እኔ ነኝ፤ መጠማዘዣውን ሁሉ በሁለተኛ ማርሽ። ማታ ለእራት አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገብተን የአሣ ሾርባ አዘዝን። ዳቦውን ቆርሳ ግማሹን ወደ እኔ ገፋችልኝ።

“ማሚ፣ አንድ ዓመት ሙሉ እኔ አንቺን ስጠላሽ ዝም ብለሽ ቻልሽኝ?” አለችኝ።

“አዎ።”

“ዋይ? ለምን?”

“እሱን ከምትጠዪ እኔን ብትጠዪ ይሻላል ብዬ” አልኳት። “እኔ አለሁ፤ አንድ ቀን ልንታረቅ እንችላለን። እሱ ግን የለም።”

ሰው ሁሉ እያየን፣ እንደ ሕፃን ደረቴ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። የምግብ ቤቱ ባለቤት ሳትጠየቅ ሻይ አምጥታልን ሄደች።

ሁሉም ነገር ያን ማታ ተስተካከለ ብዬ አልዋሽህም። በመጨረሻው ቀን ጠዋት ሊድያ ብቻዋን የጀልባ ማቆሚያው ድረስ ወርዳ ረጅም ጊዜ ቆየች። ከንፈሮቿ ሲንቀሳቀሱ ከመስኮት አይቻለሁ። ምን እንዳለችህ አልጠየቅኳትም፤ በእናንተ መካከል ነው።

ከተመለስን ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ትቀመጣለች፣ ትበላለች፣ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል። ባለፈው ሳምንት አብረን መቃብርህ ጋ መጣን። ድንጋይህ ላይ የረገፈውን ቅጠል በእጅጌዋ ጠረገችና፣ “አሁንም አኩርፌሃለሁ” አለችህ። አባባሏ ግን አብረኸን ብትኖር እራት ላይ እንደምትልህ ዓይነት ነበር። ሰምተህ ከሆነ ደስ ይበልህ። ሰው የሚያኮርፈው የቅርቡን ሰው ነው።

እንግዲህ ይኸው፣ ማርቆስዬ፣ ቃሌን አፍርሻለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ ልል ብዕር አነሣሁ፤ ስጽፍልህ ግን ያን ያህል እንዳልተጸጸትኩ ታወቀኝ። አንተም ያን ቀን የፈራኸው ሞትን ብቻ አልነበረም፤ ልጅህ ስታለቅስ ማየትን ፈርተህ ነበር። እኔም ፈርቼ ነበር። ሁለት ፈሪዎች ተማምለን እሷን ብቻዋን አስቀረናት።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ አንተ ሲነሣ እንከን የሌለበት ሰው ነበር ይላሉ። እኔ እንደዚያ ላስብህ አልችልም። ያ ሰው ባሌ አይደለም። የኔን ሰው ነው የማስበው፤ ለመዝሙር ድምፅ የሌለውን፣ ተሳፋሪ ሮጦ እስኪደርስ አውቶብሱን የሚያቆመውን፣ ልጁን ከነፍሱ አስበልጦ የሚወደውን፣ ልጁንም የዋሸውን። ሊድያ ልጅ ስትወልድ የልጅ ልጃችን ስላንተ ትጠይቀኛለች። ከጥሩህም ከጥፋትህም አንድ ሳልቀንስ እነግራታለሁ።

ያንተው ዘነበች