ከወንበር ሥር የነበረው አርባ ሰባት

ለውድ እህቴ ለጦይባ ፈዲሉ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። የቀረውን ሰላምታ ለጊዜው አቆይቼዋለሁና አትቀየሚኝ። ዋናውን ነገር ካላስቀደምኩት ስለ ዝናቡና ስለ ኑሮ ውድነቱ ሳወራ ወረቀቱ ያልቅብኛል፤ እኔን ታውቂኛለሽ። ነገሩ ይህ ነው፤ የጎረቤታችን የድንቅቱ እግር የተሰበረው በእኔ ምክንያት ነው። መኪናውን የነዳሁት እኔ አይደለሁም፤ ጥፋቱ ግን ከእኔ ነው የተነሣው። ከሐምሌ ጀምሮ ለማንም አልተነፈስኩም። አንቺም በስልክ ስትጠይቂኝ «ተሳስታ የማታውቀው መኪና ውስጥ ገብታ ነው» ብዬሽ ነበር። ግማሹን ነው የነገርኩሽ።

አሁን ሰላምታዬን ላድርስ። እንዴት ከረምሽ እታለም? ያ ወገብሽ ተሻለሽ? አብዱልከሪም ሥራው እንዴት ነው፣ አሁንም ሌሊት ሌሊት ነው የሚያስገቡት? ሹኩሪያስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? የጅዳ ሙቀት ትንሽ እንኳ በረድ አለላችሁ ወይ? እኔ ከናፍቆታችሁና ከጉልበቴ በቀር አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ። ድካም ግን አለብኝ። ተኝቼ የማይወጣልኝ ዓይነት ድካም ነው። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ አፌ አልታዘዝ ስላለኝ፣ ኡርጂ ፈቃዷን ጨርሳ ወደ እናንተ ስትመለስ በእጇ ልልከው ብዬ ይህን መጻፍ ያዝኩ።

ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ነጯን ቪትዝ ይዤ እዚህ አምቦ ማህበር መግባቴን ታውቂያለሽ። ሰው ይደውላል፣ ማህበሩ ቅርብ ላለው ሾፌር ይነግራል፤ መንገዳቸው አንድ የሆነ ሦስት አራት ሰዎች ተጋርተው ይሄዳሉ። አምና አንዲት መኪና ሰው ገጭታ አመለጠችና ያየ ሁሉ «ነጭ ነበረች» ከማለት በቀር የሚናገረው አጣ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ መኪና በሁለቱም በሮቹና ከኋላው ቢጫ መስመርና የጎን ቁጥር ይኑረው ተባለ። ተሳፋሪም የሚገባበትን እንዲያውቅ፣ ትራፊክም ከሩቅ እንዲለይ ነው። ለእኔ አርባ ሰባት ደረሰኝ።

መናኸሪያው በር ላይ የነበረውን ሳቅ ብትሰሚ! አንዱ ወጣት ሾፌር «ጋሼ ሰዲቅ፣ እንደ ጌዶ በሬ ቀለም ተቀብተን ቀረን እኮ! ነጋዴው ጥርሳችንን አይቶ ይንዳን እንጂ» ይላል። ጌዶ ገበያ ላይ የተሸጠ በሬ ሽንጡ ላይ ቀለም እንደሚደረግበት ታስታውሻለሽ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፤ ግን ውስጤ ገባ። የፈዲሉ ልጅ፣ አባቱ ሦስት በር ሱቅ የነበረው ሰው፣ በስተርጅናው ቁጥር ተለጥፎበት ይዞራል አልኩ ለራሴ።

ስለዚህ ቀለሙን ትቼ በማግኔት የሚለጠፈውን ቁጥር አሠራሁ። ብዙዎቹ እንደዚያ ነው ያደረጉት። መጀመሪያ ላይ የማነሳው ለጁምዓ መስጊድ ስሄድ ብቻ ነበር፤ የአባባ ጓደኞች ከነልጆቻቸው በር ላይ ስለሚቆሙ። ቀጥሎ ለሠርግ፣ ለለቅሶ አነሣሁት። ኋላ ላይ ትራፊክ ሲታየኝ ብቻ ለጥፌ ሳልፍ መልሼ ከወንበር ሥር እከተው ጀመር። ሰው በአንድ ጊዜ አይበላሽም ጦይባ። ቀስ እያለ ነው፣ እየሰገደም ነው።

ድንቅቱን ታውቂያታለሽ። ባለቤቴ ፈይሩዝ በታመመችበት ዓመት እንደ እህት ሆና ያስታመመቻት እሷ ናት። ጉደር እየወረደች ከገጠር ሴቶች ቅቤ ትሰበስብና አምቦ አምጥታ ትሸጣለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ዕድሜዋን ሚዛን ላይ ስለኖረች ግን ቁጥር አይስታትም። ቁጥሩ የተለጠፈ ሰሞን ከሩቅ «አርባ ሰባት መጣ!» እያለች ታሾፍብኝ ነበር። አንድ ቀን ባዶውን በር አይታ «ኦቦ ሰዲቅ፣ ቁጥርህን ማን በላው?» አለችኝ። እኔ ምን ብመልስ ጥሩ ነው? «ቁጥር ምን ያደርግልሻል፣ እኔን አታውቂኝም እንዴ? ወፍጮ ቤቱ ጋ የቆመች ነጭ መኪና ካየሽ ዝም ብለሽ ግቢ» አልኳት። እሷም አመነችኝ፣ እንዳልኳት አደረገች።

ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናቡ ዓይን የማያስገልጥ ቀን፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ አንዲት ቁጥር የሌላት ነጭ ቪትዝ ቆማለች። ድንቅቱ ነጠላዋን ተከናንባ ሮጣ ገባች። እኔ ያን ሰዓት ጉደር ነበርኩ። ሾፌሩ የማታውቀው ጎረምሳ መሆኑን ያየችው መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው። ልውረድ ማለት ነውር መስሏት ነጠላዋን ሰብስባ ተቀመጠች። ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ገባ፣ የእሷም እግር ተሰበረ። ሰዎች ገፍተው አወጡት። ልጁ ጤና ጣቢያ በር ላይ አውርዷት «መኪናውን ላቁም» ብሎ እንደሄደ ቀረ። ታርጋው ጭቃ ነበር፣ ቁጥር የለው፣ ማን ይበሉት? እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ማህበሩ እኛን ሁሉ ሰብስቦ፣ እሷንም በልጇ በጋሮማ አስደግፎ አስመጥቶ ጠየቃት። ቁጥር የሌለው መኪና ውስጥ ለምን ገባሽ አሏት። እኔ ሁለተኛው ወንበር ላይ ነኝ። ዓይኗ አንዴ እኔ ላይ አረፈና ተነሣ። «ዝናብ ነበር፣ ዓይኔ ነው ያሳሳተኝ» አለች። ሊቀ መንበሩ «እናንተ ልጆች፣ አሮጊት ብቻዋን አትልቀቁ» ብሎ መከረ፣ ስብሰባው ተበተነ። እኔም ከሰዉ ጋር ወጣሁ። ምላሴ እንደ ሌላ ሰው ምላስ አፌ ውስጥ ተኝቶ ነበር።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ምናልባት ዕድሜ ልኬን እሸፍነው ነበር። ጋሮማ እናቱን ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። ሐኪሙ መርምሮ ይህ ዓይን ክር በመርፌ ቀዳዳ ያስገባል ብሎ መለሳት። ልጁ በዚህ የሚደሰት መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ፈራ። ዓይኗ ደህና ከሆነ የደከመው ልቧ ነዋ አለ። ከዚያ ወዲያ እናቱን እንደ ሕፃን ያዛት። እግሯ በከዘራ እስከ መሄድ ድኖላት ሳለ ጉደር መውረድ ተከለከለች። ሚዛኗን ለምራቷ ሰጠባት። ሰፈሩም «ምስኪን፣ ጃጀች» ይላል። ስትቀልድ እንኳ ምራቷና ጋሮማ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ጤነኛ ሰው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ፣ አብዷል ወይስ አላበደም እየተባለ ሲጠበቅ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ በየቀኑ በፊቷ አልፋለሁ። እጇን ታነሣልኛለች። ባለፈው ሳምንት ጠጋ ብዬ ድንቅቱ፣ እኔ እኮ፣ ብዬ ስጀምር «ሂን ያድኢን» አለችኝ፤ አታስብ ማለቷ ነው። እሷ ናት እኔን የምታጽናናኝ።

ስሰግድ ግንባሬን መሬት ሳስነካ የሚታየኝ ያ ባዶ በር ነው። ትራፊክ ፈርቼ ነው እንዳልል፣ ቁጥሩን ለትራፊክ እለጥፍ ነበር። የፈራሁት ሰው ነው። ከሱቅ ወርዶ ሾፌር ሆነ እንዳልባል። ፈይሩዝ ብትኖር ይህን ይዤ አንዲት ሌሊት አታሳድረኝም ነበር፤ ዝም ብላ ከወንበር ሥር ታወጣውና ራት ገበታው ላይ ታስቀምጠው ነበር። አሁን ቤቱ ውስጥ የሚያፍርብኝ ሰው የለም፤ የደከመኝም ለዚያ ይመስለኛል።

እንግዲህ ይኸው ነው። አብዱልከሪምን እጅግ አድርገሽ ሰላም በይልኝ፤ ጀርባውን በማቀዝቀዣ ብርድ እንዳያስመታ። ሹኩሪያን አጎትሽ የላክሽለትን ሹራብ ለብሶታል፣ እጅጌው ብቻ ረዘመ በያት። ትንሹን ሳሚልኝ። እጃጂ ያለችው ልጄ ሃያት ደህና ናት፣ ሰላምታ ታቀርብልሻለች፤ ጥርስ ያበቀለ የልጅ ልጅ አለኝ። ለእኔ ዱዓ አድርጊልኝ፤ ረጅም ዕድሜ ሳይሆን ምላስ ለምኚልኝ።

እስከዚህ የጻፍኩት ሐሙስ ነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ወረቀቱን ሳላሽገው ቆየሁ። ለአንቺ ጽፌው ለእነሱ አለመንገሬ፣ ባሕር ማዶ ሄዶ እጅ መታጠብ መስሎ ታየኝ። ትናንት ጠዋት የሱቅ በሮች ላይ ጽሑፍ የሚጽፈው ሰው ዘንድ ወሰድኳትና ቢጫውን መስመርና አርባ ሰባትን በዘይት ቀለም፣ በሁለቱም በር፣ ከኋላም አስቀባሁ። ለጁምዓ ሄጄ መስጊዱ በር ፊት ለፊት አቆምኳት። የአባባ ጓደኛ አንዱ አየት አደረገና «ሰዲቅ፣ ጎማህ ነፍስ የለውም፣ ንፋስ አስሞላ» ብሎኝ አለፈ። በቃ። ያን ሁሉ ዘመን የፈራሁት ይህንን ነው።

ከዚያ ማህበሩ ጋ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከጥሪ መስመር አግደውኛል፤ እስከ መቼ እንደሆነ አልነገሩኝም፤ ስልኬ ዝም ብሏል። ቀጥሎ ድንቅቱ ቤት ሄድኩ። ጋሮማን ከምራቷ ጋር አስጠርቼ፣ ደጃፉ ላይ እሷ በተቀመጠችበት፣ ጎረቤት እየሰማ፣ እናትህ ዓይኗም ልቧም ደህና ነው፤ ቁጥር አትዪ፣ ዝም ብለሽ ግቢ ያልኳት እኔ ነኝ አልኩት። ጋሮማ «እናቴን እኮ እብድ አስመሰልክብኝ» አለኝና ገባ። እስካሁን ሰላም አይለኝም። አልፈርድበትም። ምራቷ ግን ተመልሳ ሚዛኑን አመጣችና ድንቅቱ እግር ሥር አስቀመጠች። ድንቅቱ እኔን አላየችኝም፤ ከደጃፏ አሻግራ መንገድ ላይ የቆመችውን መኪና ነበር የምታየው። «ኦቦ ሰዲቅ፣ ሰባቷ ጠመም ብላለች» አለችኝ። ዞሬ ሄጄ ተጠግቼ ባያት እውነትም ጠመም ብላለች፤ እኔ አላየኋትም ነበር።

ዛሬ ጠዋት፣ ጥሪ ባይኖረኝም፣ እንደ ጎረቤት ጉደር አደረስኳት። ከመግባቷ በፊት በከዘራዋ መኪናዋን ዞረች፣ የግራውን በር አየች፣ የኋላውን አየች፣ የቀኙን አየች። ጨርሳ ገባች፣ እኔም በሩን ዘጋሁላት።

ወንድምሽ ሰዲቅ ፈዲሉ
አምቦ፣ ቅዳሜ ጥቅምት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.