ስማቸው ከክብር ሰሌዳው ስለ ቀረው ስለ ሚስተር ኒኒያን ሺል ዕረፍት

ከካርሆፕ ራግቢ ክለብ የሴቶች ረዳት ማኅበር፣ ለአባላትና ለከተማው ሕዝብ

ተጠያቂው የክለባችን ሊቀ መንበር ሚስተር ጊዲዮን ሂስሎፕ ናቸው። ሞት የእግዚአብሔር ነው፤ እሱን በማንም አናሳብብም። ሚስተር ኒኒያን ሺል ክለባቸው እንዳላወቃቸው ሆነው መሞታቸው ግን የሚስተር ሂስሎፕ ሥራ ነው።

የስኮትላንድን ማሊያ ከለበሱት ቀደምት ተጫዋቾች አንዱ የነበሩት ሚስተር ሺል ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 15 ቀን 1921፣ በ69 ዓመታቸው በሳንባ ምች ዐርፈዋል። ማኅበራችን ይህን የሚገልጸው በከባድ ሐዘንና በንዴት ነው።

በ1874፣ በአንድ ወገን ሃያ ሰው ይሰለፍ በነበረበት ዘመን፣ ለንደን ላይ ከእንግሊዝ ጋር ተጫወቱ። ከከተማችን ለአገሩ የተሰለፈ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ደረታቸው ላይ የነበረውን የስኮትላንድ ምልክት፣ የኮሸሽላ አበባውን፣ የጠለፉላቸው እናታቸው ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ወደ ሽመና ፋብሪካው ሥራቸው ተመለሱ፤ አንድ ጆሯቸው ግን በጨዋታው ግፊያ እንደ ተጨማደደ ቀረ።

በ1881 ዛሬ የምንጫወትበትን የወንዝ ዳር ሜዳ ድንጋዩን ለቅመው፣ ጉድጓዱን ሞልተው አቀኑ።

በ1896 ለተጫዋቾቹ ገንዘብ ልክፈል ብሎ ከራግቢ ፌዴሬሽኑ ተገንጥሎ ወደ ወጣ የዮርክሻየር ክለብ ሄደው፣ አንድ የጨዋታ ዘመን የፋብሪካ ሠራተኞችን አሠለጠኑ። ጥፋታቸው ይኸው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ክለባችን ውስጥ ለአገር የተሰለፉት ሰዎች የክብር ሰሌዳ ሲሰቀል፣ ያን ጊዜ ጸሐፊ የነበሩት ሚስተር ሂስሎፕ ስማቸውን አስቀሩት።

ከአባሎቻችን አንዷ ያንን ሰሌዳ ሃያ ዓመት በየቅዳሜው በሰም ወልውላለች። ማንበብ ስለማትችል የላይኛው መስመር የሚስተር ሺል ስም ይመስላት ነበር፤ እሱን አብልጣ ታሸው ነበር። በ1918 ፊደል ቆጥራ ስታነበው የሚስተር ሂስሎፕ ወንድም ስም ሆኖ አገኘችው።

«ሚስተር ሺል፣ ስምዎ የታለ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«አንቺው ነሻ! ሃያ ዓመት ስታሺው ፋቅሽው» አሏት እየሳቁ። ከዚያ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ጨዋታው ሳይጀመር ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በሕይወት ሳሉ ስማቸውን እንዲያዩት ብለን ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመለከትን። ሚስተር ሂስሎፕ በመጨረሻ የመለሱልን በቃል ነው፦ «እናንተ ሻያችሁን አፍሉ። ሰሌዳው ላይ ቦታ የለም።»

ቦታ አለ። ከላይኛው መስመር በላይ አራት ጣት የሚሆን ባዶ እንጨት አለ። ከእኛ በላይ የሚያውቀው የለም።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ጄሚማ፣ ለሁለቱ ሴት ልጆቻቸውና አብረዋቸው ለሸመኑት ሁሉ ሐዘናችሁ ሐዘናችን ነው እንላለን። ቤታቸው ሰው እንዳይጎድልበት ተራ ገብተናል።

በጨዋታ ቀን ሻይ እናፈላለን። ማሊያም እናጥባለን፤ ተጫዋቾቹ ምንም አላጠፉም። ሰሌዳውን ግን ከእንግዲህ አንወለውልም።