የኪሳሙ ፓወር ባንክ

ጥቅምት 2
ዛሬ ሱቅ ሦስት ስልክ ጠገንኩ። ሦስቱም ውሃ የገባባቸው። ሦስቱም ባለቤቶች "ኧረ ውሃ አልነካውም!" ብለው ማሉ። ሰውን ጠጋኝ ፊት ምን ያስዋሸዋል? ስከፍተው አላየውም?

ማታ ታናሽ እህቴ እጮኛዋን ይዛ መጣች። ለሁለት ሳምንት ተራራ ለተራራ በእግር ሊጓዙ ነው። መብራት የለ፣ ኔትወርክ የለ። ሱሪው ላይ ያለው የኪስ ብዛት... ምን ሊከትበት ነው? ስም አወጣሁለት፤ ኪሳሙ።

ጥቅምት 5
ኪሳሙ "ዋናው ልምድ ነው" ይላል። የየት አገር ልምድ? ረጅሙ ጉዞው ከመኪናው እስከ ሊፍቱ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

እህቴ በሳተላይት መልእክት የምትልክ ማሽን ተከራይታለች፤ ከመዳፍ ታንሳለች። እኔ ነኝ ያስተካከልኩላት። ብትወድቅ፣ ብትታመም ልትጠራን የምትችለው በሷ ብቻ ነው። ቻርጅ ካለቀ ግን ጡብ ናት።

"እቴቴ፣ ምን ልያዝ?" አለችኝ። አስረዳኋት። ላያቸው ላይ አሥር ሺህ ሚሊአምፒር የሚሉ ቀላል ፓወር ባንኮች ሁለት፣ ግን እውነተኛ። ግንባር ላይ ለሚታሰረው መብራት ሊቲየም የባትሪ ድንጋይ፤ ተራው ይከብዳል፣ ብርድም አይችልም።

"እሱ ግን አስቦበታል። ሃምሳ ሺህ የሚል ገዝቷል፤ አንዱ ለሁለታችን ይበቃል።"

ሃምሳ ሺህ! በሳሙና መጠን! በዚህ ቤት የማልንቃት እሷን ብቻ ነው... እሷ ደግሞ ይሄን መረጠች።

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ
እህቴ የኪሳሙን ፓወር ባንክ ቻርጅ ላይ ሰክታው ወጥታለች። ነቅዬ ነቀነቅኩት። ሽሽሽ... አለ። ባትሪ እንዲህ አይልም። ክብደት እንዲኖረው የጨመሩበት ነገር አለ፤ ሱቅም አጋጥሞኛል።

ልደውልላት ስልኬን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። እሑድ የኪሳሙ እናት ለምሳ ይመጣሉ። እሑድ ይሻላል።

ጥቅምት 10፣ እሑድ
ሳህኑ ሳይነሳ ኪሳሙ ስለ ዕቃ አመራረጥ ንግግር ጀመረ። እናቱም ቀጠሉ፤ "የኔ ልጅ ሲመርጥ እኮ አይሳሳትም።"

"እስቲ ፓወር ባንኩን ልየው?" አልኩ። ካቻቢቴዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሽፋኑን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት። አውራ ጣት የምታህል አንዲት ባትሪ። የቀረው አሸዋ።

"ሃምሳ ሺህ ያሉት ፍሬውን ቆጥረው መሆን አለበት" አልኩ።

አባዬ በሳቅ ፈረሰ። የኪሳሙ ፊት ፍም መሰለ። እናቱ ቀና ሳይሉ አሸዋውን በመዳፋቸው ይሰበስቡ ጀመር። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

በኋላ እህቴ ሳህን እያጠበች "መቼ ነው ያወቅሽው?" አለችኝ።
"ሐሙስ።"
"ሐሙስ..." እጇን አደራረቀች። ጃኬቷን አንስታ ወጣች።

ጥቅምት 11
ምን አጠፋሁ? እኔ ባልከፍተው አሸዋ ተሸክመው ተራራ ሊወጡ አልነበር? ምስጋና ነበር የሚገባኝ።

ስልክ አታነሳም።

ጥቅምት 14
እማዬ ነገረችኝ። እህቴና ኪሳሙ አብረው ሄደው ባትሪ ገዝተዋል። ሁሉም እኔ ያልኳት ዓይነት፤ ቀላል፣ ሊቲየም። ከኛ ሱቅ ጎን ካለው ሱቅ። ከዚያ አጭበርባሪ! የሱቄን በር አልፋ ሄዳ... እውነተኛውን ስለመስጠቱ ማን አየላት?

ነገ ይሄዳሉ። ልሸኛት? ኪሳሙ እዚያ ቆሞ ሊያዝንልኝ? የሱን ሐዘኔታ አልችለውም።

ጥቅምት 15
አልሄድኩም።

ጥቅምት 19
በየማታው መልእክት ትልካለች። ለእማዬ ነው የሚመጣው። እማዬ መነጽሯን አድርጋ፣ ዜና አንባቢ ይመስል ጮክ ብላ ታነበዋለች። እኔ የማልሰማ መስዬ ስልኬን እነካካለሁ።

"ደህና ነን። ዛሬ ዝናብ ነበር። አባዬ መድኃኒትህን እንዳትረሳ። ድመቷን ሰላም በሉልኝ።"

ድመቷን!

"ስለኔስ?" አልኩ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ።

እማዬ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠራረገችው። "ማሽኑ እኮ ብዙ አያጽፍም፣ ልጄ።"

ማሽኑን አውቀዋለሁ። የዛሬው መልእክት ከሚያጽፈው ግማሹንም አልሞላም።